ድምፁ የጠፋ ብስክሌት

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ለፍሥሐ ከልጅነቱ የቀረለት ድምፅ ይህ ነው። ሌላው ሰው ስለ ትውልድ ከተማው ሲጠየቅ የደወል ድምፅ ወይም የእናቱን ዜማ ያነሣል፤ እሱ ግን አስመራን የሚያስታውሳት በብስክሌት ፍሪዊል ነው፤ ጋላቢው እግሩን አሳርፎ ብስክሌቱ በራሱ ሲንሸራተት ከኋለኛው ጎማ እምብርት በሚወጣው በዚያ ጠቅታ። እሑድ ማለዳ፣ ውድድር ባለ ቀን፣ ሃያ ሠላሳ ብስክሌት ባንድነት ቁልቁለቱን ሲወርድ የአንበጣ መንጋ በደረቅ አገዳ ላይ ያረፈ ይመስል ነበር። በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ቀና ሳይሉ በድምፁ ብቻ «ዛሬስ ብዙ ናቸው» ይባባሉ ነበር።

እሱም በሃያ ዓመቱ ከእነዚያ አንዱ ነበር። አሸንፎ ግን አያውቅም፤ ማሸነፍም ሥራው አልነበረም። ሥራው በጣልያንኛ «ግሬጋርዮ» የሚሉት ነው፤ ከቡድኑ አለቃ ፊት ቀድሞ ነፋሱን በደረቱ የሚሰብር፣ ሌላው በጀርባው ተከልሎ ጉልበቱን እንዲቆጥብ የሚደክም ሰው። ግሬጋርዮ ዞሮ አያይም። ዞሮ ያየ መስመሩን ይስታል፤ መስመሩን የሳተ ደግሞ አለቃውን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ያዳምጣል። ከኋላው ያለው ፍሪዊል ሲጠቅጠቅ ከሰማ አለቃው አለ፤ ድምፁ ከራቀ አለቃው ደክሟልና ይዘገይለታል። አለቃቸው ተስፋይ «ፍሥሐ ኋላውን የሚያየው በጆሮው ነው» ይል ነበር። ፍሥሐ ከዚያ ወዲህ በዕድሜው ብዙ ምስጋና ሰምቷል፤ የዚያን ያህል ደስ ያለው የለም።

ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። ከሮተርዳም ጥቂት ወረድ ብላ በማስ ወንዝ ዳር በተቀመጠችው በቭላርዲንገን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሚስቱ ከነብያት ጋር ይኖራል። ሃያ ስድስት ዓመት በወደቡ መጋዘን በፈረቃ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ነብያት ወላጆቿ ከአስመራ መጥተው አዲስ አበባ የወለዷት ናት፤ ፍሥሐ ውድድሩን ትቶ በዚያው ከተማ ብስክሌት ጠጋኝ ሆኖ ሳለ ነው ያገኛት። ስለዚህ ቤታቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያወራው በአማርኛ ነው። ትግርኛው ለእንግዳ፣ ሆላንድኛው ከማዘጋጃ ቤት ለሚመጣ ደብዳቤ ነው።

ወንዙ ከመስኮታቸው ይታያል፤ ሰፊ፣ ድፍርስ፣ መርከብ የተሸከመ፣ ከሥራ እንደሚመለስ ሰው እግሩን እየጎተተ ወደ ባሕር የሚሄድ። አንድ የብርድ ጠዋት ፍሥሐ ሻዩን ይዞ መስኮቱ ዘንድ ቆሞ ሳለ፣

«ይህ ወንዝ ልጅ ሳለ እንዴት ያለ ነበር ይሆን?» አለ።

ነብያት ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል «የት ተወልዶ ነው?» አለችው።

«ፈረንሳይ። እዚያ ባንዱ ዳር ቆሞ በወዲያኛው ዳር ካለ ሰው ጋር ማውራት ይቻላል አሉ። ዳር ዳሩን ደግሞ የብስክሌት መንገድ አለው። መኪና የሚባል አይደርስበትም።»

ነገሩ ከዚህ ጀመረ። ልጃቸው ስኒት አምስተርዳም ቢሮ ትሠራለች። በቅዳሜው መጥታ ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች።

«ባባ፣ እዚህ ፊትህ ያለው ውሃ እኮ አብዛኛው የራይን ወንዝ ነው። የማስ ስሙ ብቻ ነው።»

«እኔስ? ከድሮው የቀረኝ ስሜ ብቻ አይደል? ግን ያው ነኝ።»

«በሰባ ዓመትህ መቶ ኪሎ ሜትር? ዱ ኖርማል፣ እንደ ሰው ሁን እንጂ ባባ! ሁይስአርትሱ ምን አለህ?»

«ሐኪሙማ ‹ተንቀሳቀስ› ነው ያለኝ።»

«ተንቀሳቀስ አለህ እንጂ ፈረንሳይ ሂድ አላለህም!»

«አንቺ» አለች ነብያት ጣልቃ ገብታ፣ «አባትሽን አንተ እያልሽ መቆጣቱን ተይና መኪናሽን አዘጋጂ። የምታደርሺን አንቺ ነሽ።»

ፍሥሐ ዞሮ አያት። እሷ ትሄዳለች ብሎ አላሰበም ነበር።

ነብያት ብስክሌት የለመደችው በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ያኔ ሄግ ከተማ ትራንስቫል ሠፈር ይኖሩ ነበር። ከትልቁ ገበያ ጀርባ ባለው የሠፈር ቤት ለሴቶች ትምህርት ይሰጥ ነበርና ተመዘገበች። ባሎች እንዳይመጡ ተከልክሎ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጉልበቷ ተልጦ ቤት ስትገባ ፍሥሐ አንድ ቃል ሳይናገር ቁስሏን ያጥብላት ነበር፤ በሰባተኛው ሳምንት ፎቁ ሥር ጋልባ መጥታ የብስክሌቷን ደወል ደወለችለት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓመት አብረው ጋልበዋል። አብረው ማለት፣ እሱ ከፊት እሷ ከኋላ። በሆላንድ የብስክሌት መንገድ ላይ ሌላ አማራጭ የለም፤ ከኋላ ባለሞተሩ ደወሉን ያንጫርራል፣ ተማሪው በስድስት ይሰለፋል፣ ቀጭኗን መስመር ይዞ መሄድ ነው።

ያን ቀን ስኒት ከሄደች በኋላ ነብያት ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ስማኝ ፍሥሐ። አሥራ ሦስት ዓመት ያየሁት ጀርባህን ነው። የጃኬትህን ስፌት በቃሌ ይዤዋለሁ። መኪና ከሌለበት፣ ሰው ካልተጋፋን ጎን ለጎን ነው የምንሄደው። ጥለኸኝ ከቀደምህ ግን በባቡር ቤቴ እገባለሁ። ሁለተኛም ካንተ ጋር ብስክሌት ላይ አልወጣም።»

«አልቀድምሽም።»

«እንግዲህ ተናግሬያለሁ።»

«ጥለኸኝ» የሚለው ቃል የብስክሌቱን ነገር ብቻ እንዳልነካ ፍሥሐ ያውቃል። በጋብቻቸው በሦስተኛው ዓመት «እኔ ቀድሜ መንገዱን ላጽዳ፤ አንቺ በስድስት ወር ትከተይኛለሽ» ብሎ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ነበር። ስድስቱ ወር ስድስት ዓመት ሆነ። ከዚያም ውስጥ ሁለቱን ዓመት ከካርቱም አንዲት ደብዳቤ አልደረሳትም። ምክንያቱን የጠየቀችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆላንድ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት። እሱ «መንገዱ አስቸጋሪ ነበር» አላት፤ እሷም መልሱን እንደ በረደ ምግብ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ከዚያ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ልጅ ተወለደ፣ አደገ፤ ሳህኑ ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።

ለጉዞው ሲሰናዱ ፍሥሐ የነብያትን ብስክሌት በረንዳው ላይ ፈታታው። ካቴናውን በጥርስ ብሩሽ አጠበ፣ ራጂ የሚባሉትን የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ ባንድ አጠባበቀ፣ ፍሪዊሉን ደግሞ በወፍራም ግራሶ እስኪጠግብ ሞላው። ለጠጋኝ ድምፅ የሌለው ብስክሌት የክብር ነገር ነው። ነብያት ከፎቁ ሥር አንድ ዙር ዞራ መጣችና «እንደ ድመት ነው የሚሄደው!» አለች። ፍሥሐ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ።

በግንቦት መጨረሻ ስኒት ሻርልቪል በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ወንዙ ዳር አወረደቻቸው። የእናቷን የራስ ቁር ሦስት ጊዜ አጠበቀች፣ ስልካቸውን ሞልታ ሰጠች፣ ከዚያ «ቀስ በሉ» ብላ ሄደች።

ማስ እዚያ ልጅ ነው። አረንጓዴ ነው፤ ቸኩሎ አያውቅም፤ በዱር በተሸፈኑ ኮረብቶች መካከል እንደ ተማሪ ወዲያና ወዲህ እያየ ይጠማዘዛል። መንገዱ ድሮ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች የሄዱበት ነው አሉ፤ አሁን ለስላሳ አስፋልት ለብሷል፤ ሁለት ብስክሌት ጎን ለጎን ይዞ ቦታ ይተርፈዋል። ባንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው ረጅም ሣር። የመኪና ድምፅ ከመጥፋቱ የተነሣ ዓሣ ከውሃ ዘሎ ሲመለስ ይሰማል። ሰው ሲያልፍ «ቦንዡር» ይላል፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ሰው የለም።

በመጀመሪያው ቀን ፍሥሐ ነብያት ስትጋልብ ፊቷ ምን እንደሚመስል አየ። ድልድይ ሥር ስታልፍ የምላሷን ጫፍ ታወጣለች። ቁልቁለት ስታይ እግሯን አሳርፋ ጉንጯን ትነፋለች። ሳታውቀው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትዘፍን ይሆን፣ ትጸልይ ይሆን?

«ምንድን ነው የምታየኝ? መንገዱን እይ!»

«መንገዱን ሳየው ኖሬያለሁ።»

«እህ!» አለች፤ ግን ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች፤ ፍሥሐም ሳቋን ከጉንጯ ዳር ያዘው።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ፊት ለፊት የሚመታ፣ ከሸለቆው እንደ ፉጨት የሚመጣ ነፋስ ነበር። በዚሁ መካከል ሦስት ወጣት ጋላቢዎች በተርታ ሆነው አልፈዋቸው ሄዱ፤ የፊተኛው ደረቱን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ ኋለኞቹ ተከልለው። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? ፍሥሐ አላሰበበትም፤ እግሩ ነው ያሰበው። ጎንበስ አለ፣ ማኑብሪዮውን፣ የብስክሌቱን መሪ፣ ዝቅ አድርጎ ያዘ፣ ከነብያት ፊት ገባ። ነፋሱን እሰብርላታለሁ ብሎ ነው።

ፊቷን ሳያይ ሲሆን ደግሞ መናገር ቀለለው። መጀመሪያ ስለ ነፋሱ ተናገረ፤ ከዚያ ስለ አስመራ ቁልቁለት፤ ከዚያ ሳያውቀው ስለ ካርቱም። ሠላሳ ዓመት ጉሮሮው ውስጥ የኖረውን ነገር ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። መልስ አልጠበቀም፤ ዝምታዋን እንደ ማዳመጥ ቆጠረው። ብስክሌቷ ድምፅ የለውም፤ እሱ ራሱ ነው ዝም ያሰኘው።

«ይኸው ነው እንግዲህ ነብያት» አለ በመጨረሻ። «ይቅር በይኝ።»

ነፋሱ ብቻ መለሰለት። ዞሮ አየ። መንገዱ ባዶ ነበር።

ወደ ኋላ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ተመለሰ። ሰባ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን ጋልቦ አያውቅም። ነብያት ቀደም ሲል ባለፉት የጀልባ ማሳለፊያ የውሃ በር ዘንድ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ብስክሌቷ አጠገቧ ተጋድሟል። እጆቿ እስከ አንጓቸው በግራሶ ጠቁረዋል።

«ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?»

«ካቴናው ወለቀ።»

ፍሥሐ ተንበርክኮ አየው። ካቴናው በቦታው ነው።

«ማን ሰካልሽ?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን ነበር እዚህ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻል ነበር። «ሰባት ጊዜ ጠራሁህ። ስምንተኛውን ተውኩት።»

«ነፋሱን ልሰብርልሽ ብዬ…»

«አውቃለሁ። ድሮም መንገዱን ልታጸዳልኝ ብለህ ነው።»

 ነብያት ተነሥታ ብስክሌቷን አቆመች። «ነገ የምናድርበት ቦታ ባቡር ጣቢያ አለው?»

«የዛሬው ራሱ አለው።»

«ጥሩ።»

ያረፉባት መንደር ትንሽ ናት፤ ስሟን ፍሥሐ እስካሁን አጥርቶ አይጠራውም። የእንግዳ ቤቱ ከመንደሩ መሐል ዳገቱ ላይ ነው። ከግቢው በር ወጥቶ ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ጣቢያው ዘንድ ያደርሳል፤ ወደ ታች የሚወርደው ወንዙና የብስክሌቱ መንገድ ላይ ያደርሳል። የቤቱ ባለቤት ነጭ ፀጉራም ባልቴት ናት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነብያት ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ እጇን ስትታጠብ፣ ፍሥሐ ወደ ባልቴቲቱ ሄዶ «ኦልዮ» አለ በአስመራው ጣልያንኛ፤ በእጁም የስፌት መኪና የሚያሽከረክር መስሎ አሳያት። ሴትዮዋ ሳቀችና ከመሳቢያ ትንሽ የዘይት ጠርሙስ አወጣችለት፤ ከምድር ቤቱም ለፋኖስ የምታኖረውን ላምባ ጨመረችለት።

ፍሥሐ የነብያትን ብስክሌት የኋላ ጎማ ነቅሎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጋደመው። በፍሪዊሉ ክፍተት ላምባውን ጠብ ጠብ ያደርግና ያሽከረክረዋል፤ ወፍራሙ ግራሶ ጠቁሮ ወደ ጨርቁ ይፈሳል። እንደገና ጠብ፣ እንደገና ማሽከርከር።

ነብያት እጇን እያሻሸች መጣችና ከአጠገቡ ቆመች። «ነገ በባቡር ለሚሄድ ብስክሌት ደግሞ ጥገና?»

«ድምፁን እመልስለታለሁ።»

«ማን ወሰደበት?»

«እኔ።»

 ሳሙናው ግራሶውን አላስለቀቀላትም። ፍሥሐ ከባልቴቲቱ ጠረጴዛ ላይ ስኳር ቆንጥሮ ከዘይት ጋር መዳፏ ላይ አደረገላት፤ «እሽት እሽት አድርጊው፤ ይለቃል» አላት። ተቀምጣ ታሸው ጀመር።

«ምን ነበር የምታወራው?» አለችው ድንገት። «ስትሄድ። ከሩቅ እጅህን ስታወናጭፍ አይቻለሁ። ለማን ነበር የምታወራው?»

«ላንቺ።»

«እንግዲህ እዚህ አለሁ።»

ፍሥሐ ጎማውን እያሽከረከረ፣ አንገቱን ደፍቶ ጀመረ። «ከካርቱም ጽፌልሽ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ። አንዱንም አልላክሁም።» ጎማው ቆመ። «ሁሉም ‹ደህና ነኝ› የሚል ነበርና ውሸት ነው። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ነበር የምተኛው። እውነቱን ብጽፍ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ውሸቱን ስጽፍ ደግሞ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንቺን ዞሬ ካየሁ እመለሳለሁ፤ ከተመለስሁ ደግሞ ሁለታችንም እዚያው እንቀራለን ብዬ… ዞሮ ማየት እኮ አላስተማሩኝም ነብያት። ማዳመጥ ነው ያስተማሩኝ። ካርቱም ሆኜ ደግሞ ምንም አይሰማም።»

ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ይህን የሠላሳ ዓመት ነገር ተናግሮ ፊቷን ማየቱ ከነፋሱ ጋር ከመታገል ይልቅ አደከመው።

ነብያት መዳፏን ተመለከተች። ስኳሩ ጠቁሯል፤ መዳፏ ነጽቷል፤ የጥፍሮቿ ሥር ብቻ እንደ ጠቆረ ቀርቷል።

«ደብዳቤዎቹ የት ደረሱ?»

«ድንበር ስሻገር አቃጠልኳቸው።»

«አንዱን እንኳ ብታስቀር ምን ነበረበት» አለች። ከዚያም ተነሣች። «ጠዋት ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

«እሺ።» ወደ ክፍላቸው ወጣች።

ፍሥሐ የስፌት መኪናውን ዘይት ሁለት ጠብታ ጨመረ፣ ጎማውን በጣቱ ገፋ አደረገው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ባልቴቲቱ በመስኮቷ ብቅ ብላ አየችና ገባች።

ጠዋት ሲነቃ ነብያት ለብሳ ጨርሳለች። ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ነው። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ከሩብ ይላል። ፍሥሐ አልጋው ጫፍ ላይ ባዶ እግሩን ተቀመጠ። ሊናገር የፈለገው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ትናንት ሁሉንም ተናግሮታል፤ የቀረው ማባበል ብቻ ነው፤ ማባበልም መቅደም መሰለው። 

እሷ መስተዋቱ ዘንድ ቆማ ሻሿን አሰረች። የራስ ቁሯን አነሣች፣ ማሰሪያውን ራሷ አጠበቀች። ጥፍሮቿን አንድ ጊዜ አየቻቸው። ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ደህና ሁንም፣ እንሂድም አላለች። በሩን ከፍታ ወጣች።

እርምጃዋ በደረጃው ወረደ። የግቢው ጠጠር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ብስክሌቱን ስትገፋው ፍሪዊሉ ቀስ ብሎ ይቆጥር ጀመር። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። የግቢው በር ሲጢጥ አለ፤ ጠቅታውም ቆመ።

ፍሥሐ ጆሮውን ወደ ተከፈተው መስኮት አደረገ። ወደ ጣቢያው ዳገት ነው፤ ዳገቱን ስትገፋው ቀስ እያለ ይቆጥራል እንጂ አይንጣጣም። ጠበቀ። አንዲት ወፍ ጮኸች። ነፋሱ እንደ ትናንቱ ከወንዙ በኩል ይመጣ ነበር።

ድንገት ጠቅታው ፈሰሰ፤ አንዱ ካንዱ ሳይለይ፣ እንደ አንበጣ በአገዳ ላይ፣ እግሯን አሳርፋ፣ ቁልቁለቱን ወደ ወንዙ።

ፍሥሐ ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን አነሣ፤ ክሩን ሲያስርም አልቸኮለም፤ ያዳምጥ ነበርና።